የ9 ዓመት ጥድ 18 ሜትር ከ60? ሳይት ኢንዴክስ ላይ እርዱኝ

ዝግባ · ኅዳር 3፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ጥያቄዬ የጀማሪ ከሆነ ታገሡኝ።

አንድ የፈረንጅ ጥድ ተከላ ላይ ሳይት ኢንዴክስ እንዳወጣ ታዝዤ ነበር። ስፋቱ 6 ሄክታር ገደማ ነው። ቦታው ደጋ፣ አፈሩ ቀይ። 20 በ20 ሜትር ፕሎት (የናሙና ቦታ) አወጣሁ፤ አራት ዛፍ መረጥኩ። 20 ሜትር ርቄ በሱንቶ (የዛፍ ቁመት መለኪያ) አነበብኩ። ጫፉ በአማካይ 85 በመቶ፣ ሥሩ ወደ ታች 8 በመቶ መጣ። ድምሩ 93፤ በ20 ሜትር ሲባዛ 18.6 ሜትር። ፋይሉ ላይ የተከላው ጊዜ «ሐምሌ 2008» ይላል። ስለዚህ ዛፎቹ 9 ዓመት ከጥቂት ወር ናቸው።

ሥልጠና ላይ ቁመትን ከአንድ ዕድሜ ወደ ሌላ የሚያመጣውን የሹማከርን ቀመር አስተምረውናል። የመለማመጃ ቁጥሩ 6፣ ማመሳከሪያ ዕድሜው 15 ዓመት ነበር። በሱ ሳሰላው 24.3 ሜትር ሆነ። ችግሩ እጄ ላይ ያለው የሳይት ኢንዴክስ ሰንጠረዥ ከዚያ በታች ያበቃል። ከመጨረሻው መስመር በላይ ወጣሁ! አለቃዬ «እንዴት ያለ ለም መሬት ነው» ብሎ ደስ አለው። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። የት ነው የተሳሳትኩት?

---

አጣና_በር · ኅዳር 3

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ባሕር ዛፍ አለኝ። አራት ቃዳ። ሳይት ኢንዴክስ የምትሉት ነገር ምንድን ነው? እኛ አገር መሬት የሚለካው እንዲህ ነው፦ ስንት ዓመት ላይ አጣና ይወጣዋል? ሦስት ዓመት ከሆነ ጥሩ መሬት። አምስት ከሆነ ለልጅ አታውርሰው። አለቀ።

---

ጋሽ_ወይራ · ኅዳር 4

አጣና በር፣ ሳታውቀው ሳይት ኢንዴክስ ስታሰላ ኖረሃል። አንተ መጠኑን ይዘህ ዓመቱን ትጠይቃለህ። እኛ ዓመቱን ይዘን መጠኑን እንጠይቃለን። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሐሳቡ መሬቱን ከዛፉ መጠየቅ ነው። አፈር አስቆፍረህ፣ ላብራቶሪ ልከህ፣ የዝናብ መዝገብ ፈልገህ የምታገኘውን ሁሉ ዛፉ ቀምሶታል። የአፈሩን ጥልቀት፣ ውኃ መቋጠሩን፣ ውርጩን፣ በጋው ስንት ወር እንደሚቆይ ዛፉ ያውቃል። የሚመልስልህ ግን በአንድ ቁጥር ነው፦ በዚህ ዕድሜ እዚህ ደረስኩ።

ታዲያ ለምን ቁመት? ለምን ውፍረት አይሆንም? አንተ በአጣና ስትለካ የምትለካው ውፍረትን ነው። ውፍረት ደግሞ የሚነግርህ ጎረቤቱ ስንት እንደሆነ ነው። አጠጋግተህ ከተከልክ ይቀጥናል፣ ካሳሳህ ይወፍራል፤ መሬቱ ግን ያው መሬት ነው። ቁመት እንደዚያ አይደለም። ብታጠጋውም ብታሳሳውም፣ መጠኑ ካልበዛ በቀር፣ አውራ አውራዎቹ ዛፎች የሚደርሱበት ቁመት ብዙም አይለወጥም። ቁመትን የሚወስነው በዋናነት ቦታው ነው።

አውራ ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም። የሁሉንም ዛፍ ቁመት አማካይ አንወስድም። ትንንሾቹ ሲሞቱ ወይም ሲቆረጡ አማካዩ ከፍ ይላል፤ አንድም ዛፍ አላደገም። ስለዚህ በሄክታር 100 ወፋፍራሞቹን ብቻ ይዘን የነሱን ቁመት እንወስዳለን። በ400 ካሬ ሜትር ፕሎት አራት ዛፍ ይደርሳል። ዝግባ አራት የመረጠችው ለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ልክ ናት።

ከዚያ ያንን ቁመት ሁላችንም ወደተስማማንበት አንድ ዕድሜ ማምጣት ነው። የ8 ዓመቱም የ20 ዓመቱም ዛፍ «15 ዓመት ላይ ስንት ነው የምትሆነው፣ ወይስ ስንት ነበርክ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ በሜትር ነው። ሳይት ኢንዴክስ እሱ ነው።

---

አጣና_በር · ኅዳር 4

ገባኝ ጋሼ፣ ግን አንድ ነገር ልሞግትዎት። ቁመት በመጠጋጋት አይነካም የሚሉት ለእናንተ ተከላ ይሆናል። እኛ ጋ በአንድ እርምጃ ሁለት ችግኝ የሚተክል አለ። መሐል ላይ ያለው እኮ ቀጥኖ ብቻ አይቀርም፣ ቁመቱም ይቀራል። ጠርዝ ላይ ካለው ጋር ሲያስተያዩት ወንድማማች አይመስሉም።

---

ጋሽ_ወይራ · ኅዳር 4

ትክክል ነህ፣ አልከራከርም። «መጠኑ ካልበዛ በቀር» ያልኩት ለዚሁ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሲሆን እንኳ በሄክታር 10 ሺህ ችግኝ ነው። ከዚያም በላይ ካጠጋጋኸው ውኃውን ይሻማሉ፣ ቁመትም ይጎዳል። እንዲህ ያለ ማሳ ላይ በቁመት መሬቱን መፍረድ መሬቱን መበደል ነው።

---

ሱንቶ_20 · ኅዳር 4

ወደ ዝግባ ጥያቄ እንመለስ። እኔ የመሣሪያ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ መሣሪያውን እጠረጥራለሁ።

አራቱን ዛፎች በምን መረጥሻቸው? ብዙ ጀማሪ በዓይን ቀና ብሎ ረጃጅሞቹን ይመርጣል። ሕጉ ግን ወፍራሞቹን በካሊፐር ወይም በቴፕ ለክቶ መለየት ነው። ፕሎቱ ዳር ላይ ነው ወይስ መሐል? 20 ሜትሩን የለካሽው መሬቱን ተከትለሽ ነው ወይስ ቴፑን አግድም ወጥረሽ?

የመጨረሻዋ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ቁልቁለቱ 30 በመቶ ከሆነ መሬት ላይ የዘረጋሽው 20 ሜትር አግድሙ 19.16 ሜትር ብቻ ነው። ሱንቶው ግን 20 ላይ የቆምሽ መስሎት ያሰላል።

ደግሞ ጫፉን በትክክል ዐይተሽዋል? ጥድ ሹል ስለሆነ ይታያል። ባሕር ዛፍ ቢሆን ከፊት ያለውን ቅርንጫፍ ጫፍ ነው ብለሽ ብዙ ትሳሳቺ ነበር። ዘመም ያለ ዛፍም ወደ አንቺ ከሆነ ይረዝማል፣ ከአንቺ ከሸሸ ያጥራል።

---

ዝግባ · ኅዳር 5

አመሰግናለሁ። በቴፕ ነው የመረጥኳቸው፤ አራቱም የፕሎቱ ወፍራሞች ናቸው። ፕሎቱ መሐል ላይ ነው፣ ቀጥ ያሉ ዛፎች ናቸው።

ርቀቱን ግን መሬት ለመሬት ነው የለካሁት። 😬 ዛሬ ተመልሼ ቁልቁለቱን ዐየሁ፣ 15 በመቶ ነው። አግድሙ 19.78 ሜትር ይሆናል። በ0.93 ሲባዛ 18.4 ሜትር። እንደገና ሳሰላው ኢንዴክሱ ከ24.3 ወደ 24.0 ወረደ። አሁንም ከሰንጠረዡ ውጭ ነኝ።

---

ሱንቶ_20 · ኅዳር 5

እንግዲህ እኔ ተሸንፌያለሁ። 20 ሳንቲም ነው ያገኘሁልሽ። መሣሪያሽ ንጹሕ ነው።

---

ስቶክሆልም_ቡና · ኅዳር 5

ከስዊድን ነኝ፣ ደን ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ አገር ይህ ቁጥር የጫካ መታወቂያ ነው። አንድ ቦታ «ጌ28» ከተባለ በቃ፣ ሁሉም ይገባዋል፦ ስፕሩስ የሚባለው ዛፍ ነው፣ በ100 ዓመቱ አውራ ዛፎቹ 28 ሜትር ይደርሳሉ። አዎ፣ ማመሳከሪያው 100 ዓመት ነው። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ። አገር ቤት በ100 ዓመት ባሕር ዛፍ ስንቴ ይቆረጣል?

ቁመት መለካት እዚህም የሚያጨቃጭቅ ነገር አይደለም። ጭቅጭቁ ያለው ዕድሜው ላይ ነው። ግንዱን ደረት ከፍታ ላይ፣ 1.3 ሜትር ላይ ማለት ነው፣ በመሰርሰሪያ ወግተን ቀለበት እንቆጥራለን። ያ የዛፉ ሙሉ ዕድሜ አይደለም፤ ደረት ከፍታ ከደረሰ ወዲህ ያለው ነው። ለሙሉ ዕድሜ ከሥር ተነሥቶ 1.3 ሜትር እስኪደርስ የፈጀበትን ዓመት መጨመር አለብህ። ሠንጠረዡ አንደኛውን ዕድሜ ፈልጎ አንተ ሌላውን ከሰጠኸው ውጤቱ ውሸት ነው።

ዛፍ የሌለበት ቦታስ? ሲቆረጥ ባዶ የቀረ መሬት ላይ ሣር ቅጠሉን ዐይተን እንገምታለን፤ ብሉቤሪ በዝቷል ወይስ ሌላ ነገር። ፊንላንዳዊው ካያንደር እ.ኤ.አ. በ1909 ጫካን በሥሩ በሚበቅለው ዕፅ የመደበበት ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። እኛ ገበሬዎቻችንም እኮ ምን በቀለ ብለው ነው መሬት የሚያውቁት።

የምለው ይህን ነው ዝግባ፦ 9 ዓመቱን ከየት አመጣሽው? ከፋይል ብቻ?

---

ጋሽ_ወይራ · ኅዳር 5

ልጄ፣ ቁመቱን ተዪው። ስቶክሆልም ቁስሉን ነክቶታል።

እስኪ እናስበው። 18.4 ሜትር በ9 ዓመት ማለት በየዓመቱ 2 ሜትር ነው። ባሕር ዛፍ ብትዪኝ እሺ። የፈረንጅ ጥድ፣ ያውም ደጋ ላይ፣ ያውም የተተከለበትን የመጀመሪያውን ክረምትና በጋ ጨምሮ? ከሰንጠረዡ ውጭ መውጣትሽ መሬቱ ተአምር ሆኖ አይመስለኝም።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ፋይሉ ላይ 2008 ብቻ ነው ያለው ወይስ አጠገቡ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል አለው? ፋይሉ መጀመሪያ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው? ጫካው ተሳስቶ (ዛፎቹ እንዲሳሱ ከመሐል ተቆርጦ) ያውቃል? የታችኛው ቅርንጫፍ እስከ የት ደርቋል?

---

ዝግባ · ኅዳር 6

ጋሼ… ፋይሉን አሁን አውጥቼ ዐየሁት።

2008 ብቻ ነው። ዓ.ም.ም እ.ኤ.አ.ም የለውም። ከኋላው ግን የተያያዘ አሮጌ ገጽ አለ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፕሮጀክት መዝገብ። የአማርኛው ከሱ ነው የተገለበጠው። የገለበጠው ሰው ወሩን ተርጉሞ ዓመቱን እንዳለ ትቶታል።

ጫካው ተሳስቶ አያውቅም። ቅርንጫፉ ከግማሽ በላይ ደርቋል፤ አረንጓዴው አናቱ ላይ ብቻ ነው የቀረው። ግንዱ ሁሉ ቀጫጭን ነው። እኔ መስሎኝ የነበረው ፈጥኖ ስላደገ ነው።

---

ጋሽ_ወይራ · ኅዳር 6

ይኸው። እኔ በሥራ ዘመኔ ይህንን ስንቴ እንዳየሁት አልነግርሽም።

ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው። በክረምት ደግሞ በሁለቱ ዘመን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 8 ነው፤ 7 የሚሆነው ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ባሉት ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡ የፈረንጅ ከሆነ ተከላው በእኛ ሐምሌ 2000 ነው። ዛፎችሽ 9 ሳይሆኑ 17 ዓመት አልፏቸዋል።

አብረን እናስላው። ቀመሩ ቀላል ነው። 1ን ለዛፉ ዕድሜ አካፍዪ፣ 1ን ለማመሳከሪያው ዕድሜ አካፍዪ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሺ፣ በ6 አባዢ። ካልኩሌተርሽ ላይ ያችን የ«ኢ» (eˣ) ቁልፍ ተጭነሽ ያገኘሽውን በቁመቱ አባዢ። በ9 ዓመት ስንሠራው ቁመቱ በ1.31 ገደማ ይባዛል፤ 24.0። በ17 ዓመት ስንሠራው በ0.954 ይባዛል፤ 17.6 ሜትር።

ያ ቁጥር 6 የመለማመጃ ነው እንጂ የአገራችን ጥድ ቁጥር ነው ብለሽ እንዳትይዢው። ለእውነተኛ ሥራ በአካባቢው ከተለካ ዛፍ የወጣ የዕድገት ኩርባ ያስፈልጋል። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቺ። ቁልቁለቱ ኢንዴክሱ ላይ ያሳሳተሽ 30 ሳንቲም ነው። ዘመኑ ያሳሳተሽ ከ6 ሜትር በላይ ነው።

ሁላችንም ሱንቶ ስናስተካክል እንውላለን። ቀኑን ማንም አያስተካክልም።

---

ሱንቶ_20 · ኅዳር 6

ጋሼ፣ መዝገቡ የፈረንጅ ነው ማለት እኮ ገና ግምት ነው። ለምን አትወጋውም? መሰርሰሪያ ይዛ ትሂድና ቀለበቱን ትቁጠር። 9 ከሆነ 9፣ 17 ከሆነ 17።

---

ጋሽ_ወይራ · ኅዳር 6

እኔም ይህን ልትል ነው ብዬ ስጠብቅህ ነበር። 😄

ስዊድን የበረዶው ወቅት ዛፉን ያቆመዋል፤ በዓመት አንድ ቀለበት ይወጣል። እኛ ጋ ዛፉን የሚያቆመው በረዶ አይደለም፣ ድርቀት ነው። የሐበሻ ጥድ ላይ ሰሜን ውስጥ ተመራማሪዎች ቀለበት ቆጥረው ተሳክቶላቸዋል፤ እዚያ ዝናቡ ክረምት ላይ ብቻ ስለሚመጣ በጋው ረጅምና ግልጽ ነው። በልግም ክረምትም የሚያገኝ ቦታ ግን ዛፉ በዓመት ሁለቴ አድጎ ሁለቴ ሊቆም ይችላል። ሁለት ቀለበት።

አሁን አስላው። የዝግባ ቦታ በልግ የሚያገኝ ከሆነ፣ የ9 ዓመት ዛፍ 18 ቀለበት ሊያሳይህ ይችላል። የ17 ዓመት ዛፍ በዓመት አንድ ቢያወጣ 17 ያሳይሃል። በምን ትለያቸዋለህ? ጭራሽ ለተሳሳተው መልስ ምስክር ትሆናለህ።

ፓቱላ በሚባለው ሌላ የጥድ ዓይነት ላይ የቅርንጫፍ ደረጃ ቆጥሮ ዕድሜ የሚያወጣ ሰውም ዐይቻለሁ። ፓቱላ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ደረጃ ያወጣል። እሱም አያዋጣም።

---

ዝግባ · ኅዳር 6

በልግ እናገኛለን 😞

---

ካርታ_ወዳጅ · ኅዳር 7

ከመሬት መልስ ካጣሽ ከሰማይ ጠይቂ። ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስል የሚያሳይ የሰዓት ምልክት አለ። ቦታሽን ፈልጊና ወደ ኋላ ጎትቺው። ያልተሳሳ የጥድ ተከላ ከላይ ሲታይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ከግጦሽ ጋር አይምታታም።

ግልጽ ምስል ካጣሽ ላንድሳት የሚባለው የሳተላይት ምስል አለ። ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነጻ ክፍት ነው (እ.ኤ.አ.! በዚህ ክር ላይ ሳልጽፈው ባልፍ ጋሼ ይገድሉኝ ነበር)። አንዷ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ስለሆነች አንድ ዛፍ አታሳይም፤ 6 ሄክታር ግን ከ60 በላይ ነጥብ ነው፣ ይበቃል።

ተከላው በእኛ 2008 ከሆነ፣ ማለትም በፈረንጅ 2016፣ ከዚያ በፊት ያሉ ምስሎች ላይ ሣር ነው የምታዪው። ደን ካየሽ ጨዋታው አለቀ።

---

አጣና_በር · ኅዳር 7

እናንተ ሳተላይት ድረስ ወጣችሁ። እዚያው በር ላይ የተቀመጠውን ጥበቃ ማን ጠየቀው? የኛ አገር ሰው ዓመት በቁጥር ላያስታውስ ይችላል፤ ምን የሆነ ጊዜ እንደተተከለ ግን አይረሳም።

በነገራችን ላይ ጋሼ፣ የእኔን ባሕር ዛፍም ይፍረዱልኝ። አባቴ የተከሉት ነው። ሦስቴ ተቆርጧል፤ አሁን ያለው ከጉቶው የወጣ፣ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ዕድሜው አራት ነው ወይስ ሠላሳ?

---

ጋሽ_ወይራ · ኅዳር 7

ጥሩ ጥያቄ። ለቁመት ስሌት አራት ነው፤ ከመጨረሻው ቆረጣ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። ሥሩ ግን የአባትህ ነው። ከጉቶ የሚወጣ ቡቃያ ከችግኝ ጋር አይወዳደርም። ችግኝ መጀመሪያ ሥር መስደድ አለበት፣ ከአረም ጋር ይታገላል። የጉቶው ቡቃያ ድግሱ ላይ ነው የደረሰው፤ መጀመሪያ አካባቢ ይወነጨፋል።

ስለዚህ ለችግኝ በወጣ ኩርባ የጉቶ ባሕር ዛፍ ስትፈርድ መሬትህ ከሆነው በላይ ለም ይመስልሃል። የጉቶ የራሱ ኩርባ ያስፈልገዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ነው፣ ካርታ ወዳጅ) ፖህዮነንና ፑካላ የሚባሉ ፊንላንዳውያን በመካከለኛው ደጋ የነጭ ባሕር ዛፍን ዕድገት አጥንተው ነበር፤ የኛ የደን ተማሪ ስማቸውን ሳይሰማ አይመረቅም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ችግኝም ይሁን ጉቶ በሁለት በሦስት ዓመቱ ኢንዴክስ አታውጣ። በዚያ ዕድሜ የምትለካው መሬቱን ሳይሆን አረም ያረመውን ሰው ነው።

---

ኮሶ · ኅዳር 7

ማንም ያላነሣው ነገር፣ ሌባ።

እኔ የምሠራበት ጫካ ላይ ኢንዴክሱ ከዓመት ዓመት ዝቅ ይላል። መሬቱ ደክሞ አይደለም። ሌሊት የሚገባ ሰው ቀጫጫውን አይቆርጥም፤ ለቋሚና ለወራጅ የሚሆነውን፣ አውራ አውራውን መርጦ ነው የሚወስደው። እኔ ስመጣ «ወፍራሞቹን 100 ዛፎች» ስል፣ የቀሩት ትናንት ሁለተኛ ደረጃ የነበሩት ናቸው። ቁመታቸው ያነሰ ነው። ሰንጠረዡ «ይህ መሬት ደካማ ነው» ይለኛል።

አሁን ፕሎት ሳወጣ መጀመሪያ ጉቶ እቆጥራለሁ። የወፍራም ጉቶ ከበዛ ፕሎቱን እተወዋለሁ። ዝግባ፣ ያንቺ ጋ ጉቶ አለ?

---

ዝግባ · ኅዳር 8

ኮሶ፣ ፕሎቱ ውስጥ ጉቶ የለም፤ ጥበቃው ጎበዝ ነው። እሱንም አነጋገርኩት!

አጣና በር እግዜር ይስጥልኝ። አባባ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያ ናቸው። «መቼ ነው የተተከለው?» ስላቸው ዓመቱን አላሉኝም። «ሚሊኒየሙ የተከበረ ጊዜ፣ መስከረም ላይ አይደለም፣ የሚቀጥለው ክረምት» አሉኝ። «ትንሿ ልጄ ክርስትና የተነሣችው ያን ሰሞን ነው፤ ችግኝ ስንተክል ውለን ነው ለድግሱ የገባሁት።» ልጅቷ አሁን 11ኛ ክፍል ናት።

ሚሊኒየሙ የተከበረው መስከረም 1፣ 2000 ነው። የሚቀጥለው ክረምት ሐምሌ 2000 ነው። በፈረንጅ 2008።

ካርታ ወዳጅ፣ ምስሉንም ዐየሁት። በፈረንጅ 2013 የተነሣው ላይ ጥቁር አረንጓዴ አራት ማዕዘን ቁጭ ብሏል። በፋይላችን መሠረት ሊተከል ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል።

ስለዚህ 17.6። ሰንጠረዡ ውስጥ ገባሁ፤ ከመሐል ትንሽ ከፍ ያለ መደብ። ጥሩ መሬት ነው፣ ተአምር አይደለም።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ለኢንዴክሱ ብዙም አልተናደደም። ፊቱ የተለወጠው «እንግዲያው ማሳሳቱስ?» ስለው ነው። ገና 9 ዓመቱ ነው ተብሎ ማሳሳቱ ለመጪው ዓመት ነበር የታቀደው።

---

ጋሽ_ወይራ · ኅዳር 8

ትልቁ ጉዳት እሱ ነው። አይክሆርን የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋለው ነገር አለ፦ የአንድ ዛፍ ዓይነት ደን አንድ ቁመት ላይ ሲደርስ የያዘው እንጨት፣ ለም መሬትም ይሁን ደካማ፣ ተቀራራቢ ነው። ለሙ መሬት ቀድሞ ይደርሳል እንጂ። ከቁመቱ ብቻ የምታወጪው የእንጨት ግምት ስለዚህ ብዙም አይበላሽብሽም ነበር። የሚበላሸው «መቼ» የሚለው ነው። መቼ እናሳሳ፣ መቼ እንቁረጥ፣ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ስንት ይጨምራል። በ9 ዓመቱ 18 ሜትር የደረሰ ዛፍ ገና ይሮጣል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። የ17 ዓመቱ ፍጥነቱን ቀንሷል።

ማሳሳቱን ደግሞ አሁን በአንዴ እንዳታበዙት። አክሊላቸው ትንሽ፣ ግንዳቸው ቀጭን ነው ብለሻል። ድንገት ከከፈታችሁት ነፋስ ይጥለዋል። ጥቂት ጥቂት እያላችሁ፣ በሁለት ሦስት ዙር።

---

ሱንቶ_20 · ኅዳር 8

እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ የገለበጠው ሰው የገለበጠው ይህንን አንድ ገጽ ብቻ ነው?

---

ዝግባ · ኅዳር 9

…አይደለም። መዝገቡ ላይ 12 ተከላ አለ። ስምንቱ ከዚያው የእንግሊዝኛ ገጽ የተገለበጡ ናቸው። አራቱ በኋላ በአማርኛ የተጨመሩ ናቸው፤ እነሱ የኛ ዘመን ይመስላሉ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ተደባልቀው ነው ያሉት።

ከሰኞ ጀምሮ ጥበቃዎችን እየዞርኩ ስለ ክርስትና ልጠይቅ ነው።

---

አጣና_በር · ኅዳር 9

ሰርግም ጠይቂ። ሰርግ ይታወሳል። ስትጨርሺ እኔም ጋ ብቅ በዪና አራት ቃዳዬን ለኪልኝ፤ ቡናው የኔ ነው።

---

ካርታ_ወዳጅ · ኅዳር 9

እስከዚያው ፋይሉ ላይ እ.ኤ.አ. ብለሽ በቀይ እስክሪብቶ ጻፊበት። ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ልጅ ያመሰግንሻል።

---

ዝግባ · ኅዳር 9

ጽፌበታለሁ። ቀይ አጥቼ በሰማያዊ ነው።